«ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የተባለው ሲዲ

«ሲዲው ደህና ነው እማማ፤ የተበላሸው ቴፕዎ ነው።»

ፒያሳ አካባቢ ሲዲ የሚጽፍ አንድ ልጅ ለጎረቤታችን የሰጣቸው መልስ ይህ ነበር። ሲዲው ላይ ያለው ከካሴት የተገለበጠ የልጃቸው ሠርግ ነው። ቡፌው ላይ ያለው አሮጌ ቴፕ ሲዲውን ይውጥና ጥቂት አሽከርክሮ «ኖ ዲስክ» ብሎ ያርፋል። መልሰው ሲወስዱለት ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አሰማቸው፤ እልልታውም፣ ከበሮውም፣ የሚዜዎቹ ጭፈራም ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚህ በኋላ ምን ብለው ይከራከራሉ? ሲዲውን በፌስታል ጠቅልለው እኔ ዘንድ መጡና «እስቲ እየው ልጄ፤ ቴፑን ለቆራሌው ልስጠው ይሆን?» አሉኝ።

ያ መልስ ከዚያ ጀምሮ ይከነክነኛል። ልጁ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ችግሩ፣ «ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ማለት ስለ ሲዲው ጤንነት የሚነግረን ነገር በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ኮምፒውተር ሆደ ሰፊ ነው፤ ፋይልም ቢሆን፣ ያልተዘጋ ሲዲም ቢሆን፣ አጻጻፉ የደከመም ቢሆን እየደጋገመ ሞክሮ ያነበዋል። አራት ኪሎና ካዛንቺስ ባሉ የወላጆቻችን ቤቶች የተቀመጠው ቴፕ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱን ካላገኘ ፊቱን ያዞራል። የቤተሰብ ድምፅ ያለበት ሲዲ የሚጻፈው ደግሞ በቴፕ ለሚሰሙ ሰዎች ነው። ስለዚህ መፈተን ያለበት በእነሱ ዕቃ፣ ያውም ከሁሉም በደከመው ነው። ደህና ቴፕ ለቆራሌው ሲሄድ፣ ደህና ድምፅም «ሲዲው አይረባም» ተብሎ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል፤ የሚቀጥለውን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው።

## ከማጫወት በፊት ከፍቶ ማየት

የእማማን ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ስከት አላጫወትኩትም። ማጫወት ምንም አይነግርም፤ ልጁም ያደረገው እሱን ነው። ዊንዶውስ ላይ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ገብቶ የሲዲውን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ኦፕን» ማለት ይበልጣል። ትክክለኛ የኦዲዮ ሲዲ ከሆነ «ትራክ01»፣ «ትራክ02» እያለ የሚወርድ ዝርዝር ይመጣል፤ የእያንዳንዱ ዓይነት «ሲዲኤ»፣ የእያንዳንዱም መጠን 44 ባይት ነው። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃም ይሁን አሥር፣ ያው 44 ባይት። በእማማ ሲዲ ላይ የመጣው ግን «ሠርግ ክፍል 1 ኤምፒስሪ» የሚል፣ በሜጋባይት የሚለካ ፋይል ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ሲዲው አልተበላሸም፤ ቴፑም አልተበላሸም። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ ያ ብቻ ነው። የኦዲዮ ሲዲ ደንብ ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ወደ ታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያወጡት ነው፤ በሽፋኑ ቀለም «ቀዩ መጽሐፍ» ይባላል። በዚያ ደንብ ውስጥ ፋይል የለም፣ ፎልደር የለም፣ የዘፈን ስም እንኳ የግድ አይደለም። ያለው አንድ ረጅም የድምፅ መስመር ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቻናል። ሲዲው ከመሃል ሲጀምር የይዘት ማውጫ አለ፤ ስንት ትራክ እንዳለና እያንዳንዱ በስንተኛው ደቂቃና ሰከንድ እንደሚጀምር ይናገራል። ቴፑ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። እዚያ ላይ «ይህ ድምፅ ሳይሆን ዳታ ነው» የሚል ምልክት ካገኘ፣ ኤምፒስሪ መፍታት የማይችል ቴፕ ሌላ ምርጫ የለውም። «ኖ ዲስክ» የሚለው ጽሑፍ ያሳስታል እንጂ ሲዲውንማ አይቶታል።

ልጁን የማልወቅሰው ዊንዶውስ ራሱ ሰውን የሚያሳስት ጥያቄ ስለሚጠይቅ ነው። ባዶ ሲዲ ሲገባ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ አንዱ «ላይክ ኤ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ»፣ ሌላው «ዊዝ ኤ ሲዲ ዲቪዲ ፕሌየር»። ለቴፕ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን መምረጡ ግልጽ ነው፤ ቃሉ ራሱ እንደዚያ ይላል። ነገር ግን ሁለቱም የሚጽፉት ዳታ ሲዲ ነው። ሁለተኛው የሚለየው ሲዲውን ዘግቶ ሌሎች ኮምፒውተሮችና ኤምፒስሪ የሚያነቡ ማጫወቻዎች እንዲያውቁት በማድረጉ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ይባስ፤ እንደ ፍላሽ እየጨመሩና እየሰረዙ የሚሠሩበት ዓይነት ስለሆነ ብዙ የመኪና ማጫወቻዎች ጭራሽ አያዩትም። ከፋይል መስኮት ውስጥ ሆኖ እየጎተቱ በመጣል የኦዲዮ ሲዲ አይገኝም። ራሱን የቻለ የመጻፊያ ፕሮግራም ከፍቶ «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን መምረጥ ግዴታ ነው።

በዚያው መንገድ የሠርጉ ድምፅ እንደ ኦዲዮ ሲዲ ሲጻፍ ያው ቴፕ ያለ ምንም ማንገራገር አጫወተው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። ሰው የገዛውን ወይም የተሰጠውን የኦዲዮ ሲዲ ከፍቶ እነዚያን የሲዲኤ ፋይሎች ወደ ፍላሽ ይገለብጣል፤ በሁለት ሰከንድ ያልቃል፣ ደስ ይላል። ፍላሹ መኪና ውስጥ ሲሰካ ግን ዝም። 44 ባይት ውስጥ ድምፅ የለም፤ ትራኩ የት እንደሚጀምር የሚጠቁም አድራሻ ብቻ ነው። ድምፁን ለማውጣት «ሪፕ» ማድረግ፣ ማለትም ትራኩን በፕሮግራም አንብቦ ወደ ድምፅ ፋይል መቀየር ያስፈልጋል። ሲዲው የተጫረ ከሆነ ለዚህ ሥራ «ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይመረጣል፤ የተጎዳውን ቦታ ደጋግሞ ያነባል፣ ያልቻለበትንም ደቂቃና ሰከንድ ጠቅሶ ይናገራል።

## ሳይቃጠል በቅጠል

ሲዲ-አር፣ ማለትም ባዶውን ገዝተን የምንጽፍበት ሲዲ፣ አንድ ጊዜ ከተጻፈበት ማጥፊያ የለውም። ስለዚህ ሥራው ያለው ከመጻፉ በፊት ነው።

ድምፁን ከፍላሽ ወይም ከስልክ ላይ በቀጥታ አትጻፉ። ሁሉንም መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ አንድ ፎልደር ገልብጡ። የኦዲዮ ሲዲ በ1 እጥፍ ፍጥነት (በሚሰማበት ልክ ማለት ነው) በሰከንድ 176,400 ባይት ይፈልጋል፤ በ16 እጥፍ ወደ 2.8 ሜጋባይት ይደርሳል። የደከመ ፍላሽ ይህን ሳያቋርጥ ማቅረብ ሊያቅተው ይችላል፤ ኮምፒውተሩም አሮጌ ከሆነ ኤምፒስሪውን እየፈታ መጻፉ ሌላ ሸክም ነው። ድሮ ዳታው ሲቋረጥ ሲዲው እዚያው ይሞት ነበር። ሳንዮ በ2000 «በርን-ፕሩፍ» የሚባለውን ዘዴ ካመጣ ወዲህ ራይተሩ (ሲዲ የሚጽፈው ድራይቭ) ቆሞ ይጠብቅና ከቆመበት ይቀጥላል። ሆኖም የተቀጠለበት ቦታ ላይ ትንሽ ስፌት ይቀራል፤ ለኮምፒውተር ምንም አይደለም፣ ለደካማ ቴፕ ግን የመሰናከያ ቦታ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን አስቀድሞ ወደ ዌቭ፣ ማለትም ወዳልታመቀ የድምፅ ፋይል መቀየር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ያለው ሰው የፕሮጀክት ሬቱን 44,100 ላይ አድርጎ «ዌቭ፣ 16 ቢት» ብሎ ያውጣ። ይህ ቁጥር እንዲሁ የተነሳ አይደለም። ከቪዲዮ የተወሰደ ድምፅ ብዙውን ጊዜ 48,000 ነው። አብዛኞቹ የመጻፊያ ፕሮግራሞች ራሳቸው ይለውጡታል፤ ሳይለወጥ በ44,100 ከተነበበ ግን ዘፈኑ በ9 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ ቅኝቱም አንድ ከግማሽ ሰሚቶን ያህል ይወርዳል። ጆሮው ለትዝታና ለባቲ የተገራ ሰው ወዲያው «ዘፋኙ ታሟል እንዴ?» ይላል። እንዲህ ያለ የወፈረና የተጎተተ ድምፅ ከሰማችሁ ቴፑን አትክሰሱ፤ የፋይሉን ቁጥር እዩ።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው። ሲዲው ላይ 700 ሜጋባይትም 80 ደቂቃም ተጽፏል፤ ለኦዲዮ የሚሠራው ደቂቃው ብቻ ነው። 200 ሜጋባይት የማይሞላ ኤምፒስሪ ሦስት ሰዓት ሊሆንና ላይገባ ይችላል፤ ከ800 ሜጋባይት የሚበልጥ ዌቭ ደግሞ 80 ደቂቃ ካላለፈ ይገባል። ግራ የሚያጋባው ምክንያቱ ካልታወቀ ነው። ሲዲ በሰከንድ 75 ቁራጭ ይነበባል። ዳታ ሲሆን ከእያንዳንዱ ቁራጭ 2,048 ባይት ብቻ ለፋይሉ ይውላል፤ ለድምፅ ሲሆን ግን ሙሉው 2,352 ባይት ድምፅ ነው። የ304ቱን ልዩነት ልብ በሉ፤ ወደ በኋላ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም ለማይፈልግ ሰው አሮጌው ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ይበቃል። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ «ሌጋሲ» የሚል ስም ተለጥፎበት ይገኛል። «በርን» የሚለውን ይጫኑ፤ ከላይ በቀኝ ካለችው ትንሽ ምልክት «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ፤ ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ይጎትቱ። ከዚያ ወደ «ኦፕሽንስ» ገብተው «በርን» በሚለው ገጽ ላይ ፍጥነቱን ይቀይሩ፤ «ፋስተስት» ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። እዚያው ገጽ ላይ የዘፈኖቹን የድምፅ ከፍታ የሚያስተካክል ምርጫ አለ፤ አንዱ ዘፈን ሹክሹክታ ሌላው ጩኸት ለሆነበት ጥርቅም ይጠቅማል። በዘፈኖች መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠፋም አለ። ይህኛው ለመዝሙርና ለሠርግ ቅጂ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሄድ ጭፈራ መሃል ላይ የሁለት ሰከንድ ዝምታ ሲገባበት ሞቅታውን ይገድለዋል።

ሊኑክስ ላይ ላሉ ኬስሪቢና ብራሴሮ አሉ። በዊንዶውስ ኢምግበርን የበለጠ ይነግራል፤ ኦዲዮ ለመጻፍ ግን «ኪው» የተባለችውን የዝርዝር ፋይል አስቀድሞ እንዲሠራ ማዘዝ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ ትንሽ ያስቸግራል። የትኛውም ፕሮግራም ይሁን «ዲስክ-አት-ዋንስ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ይውሰዱ። ሌዘሩ ማውጫውን ጨምሮ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጽፍና ሲዲውን ይዘጋል። «ትራክ-አት-ዋንስ» ትራክ በጨረሰ ቁጥር ሌዘሩን ያጠፋል፤ ሲዲውንም ሳይዘጋ ሊተወው ይችላል። ያልተዘጋ ሲዲ ማውጫ የለውም፤ የጻፈው ራይተር ያነበዋል፣ ቴፑ አያነበውም። ይህ «ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ከሚያሰኙት ምክንያቶች ሁለተኛው ነው። በሌላ ቀን ዘፈን ልጨምርበት ብሎ ክፍት የተተወ ሲዲም ዕጣው ያው ነው፤ የኦዲዮ ማጫወቻ የሚያየው የመጀመሪያውን ሴሽን (በመጀመሪያው ዙር የተጻፈውን) ብቻ ነው።

ረጅም ቅጂ በትራክ ለሚከፋፍሉ አንድ ልመና አለኝ። የሲዲ አንድ ቁራጭ 588 ናሙና ነው፤ 75 ጊዜ 588 ሲባዛ 44,100 ይመጣል። የቆረጣችሁበት ቦታ በዚህ ልክ ካልዋለ ፕሮግራሙ የጎደለውን በዝምታ ይሞላል፤ በትራኮቹ መካከልም «ጭቅ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። ኦዳሲቲ ውስጥ የሰዓቱን አቆጣጠር «ሲዲዲኤ ፍሬምስ» ላይ አድርጎ መቁረጥ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ከትንሽ ነገር የምትመጣ ናት፤ ግን የአባትን ንግግር መሃል ላይ ስትሰብር ታናድዳለች።

## የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ለምን ይዘላሉ?

ሲዲው በትክክል ኦዲዮ ሆኖ ተጽፎ፣ ቴፑም ተቀብሎት፣ ከአሥራ ሁለተኛው ዘፈን በኋላ መንተባተብ የሚጀምርበት ሁኔታ ከሁሉም የበዛው ነው። ሸክላ ከውጭ ጠርዝ ጀምሮ ወደ መሃል ይሄዳል፤ ሲዲ ደግሞ በተቃራኒው ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ያሉት ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዝ ማለት ደግሞ ጣት የሚያርፍበት፣ ሲዲው ትንሽ ከተጣመመ ከሁሉም ይበልጥ የሚወዛወዝበት ቦታ ነው።

52ኤክስ (52 እጥፍ) የሚል ራይተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ52 አይጽፍም። መሃል ላይ ከግማሹ ባነሰ ፍጥነት ይጀምርና 52 የሚደርሰው ጠርዙ ላይ ነው፤ ያኔ ሲዲው በደቂቃ ወደ አሥር ሺህ ጊዜ እየዞረ ነው። በጣም ፈጣን የሆነው ጽሕፈት በጣም ደካማ ወደሆነው ቦታ ይደርሳል ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሦስት ደቂቃ ለማትረፍ የተጻፈ ሲዲ እንደገና ይጻፋል። 16 እጥፍ ላይ ማድረግ፣ ካልተገኘ 24፤ ሙሉው 80 ደቂቃ በ16 እጥፍ ከ5 ደቂቃ ትንሽ በለጥ ብሎ ያልቃል። ወደ 1 ወይም 2 እጥፍ መውረድ ግን አይጠቅምም። ዛሬ የሚሸጠው ሲዲ ቀለሙ ለፈጣን ሌዘር የተሠራ ነው፤ ብዙ ራይተሮችም ያን ያህል መውረድ አይችሉም። ሌላው ዘዴ ደግሞ ቀላል ነው፤ 80 ደቂቃውን አትሙሉት። 70 ላይ ካቆማችሁ ጠርዙ ባዶ ይቀራል።

አሁን ወደነዚያ 304 ባይቶች ልመለስ። ሲዲ ላይ ስህተት ሁልጊዜ አለ፤ አዲስ ከፋብሪካ የወጣውም ላይ። የሚያድነን ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን በ1960 ያወጡት የስህተት ማረሚያ ሒሳብ ነው። ድምፁ ተበጣጥሶና ተደባልቆ በሲዲው ላይ ስለሚበተን፣ በመስመሩ ላይ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ከቀሪው ተሰልቶ ይመለሳል። ይህ ለኦዲዮም ለዳታም የጋራ ነው። ዳታ ሲዲ ግን ከዚህ በላይ ሌላ የማረሚያ ድርብርብ አለው፤ 304ቱ ባይቶች ለአድራሻና ለዚያ ማረሚያ የተያዙ ናቸው። ኦዲዮ ሲዲ ሁለተኛው መከላከያ የለውም። ቴፕ ማረም ሲያቅተው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ መገመትም ሲያቅተው ዝም ይላል ወይም ይዘላል።

ኮምፒውተርስ? ቆም ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ያነባል። ያነበበውን አስቀድሞ በሜሞሪ ስለሚያከማች ሰሚው ምንም አይሰማም። ያ ሁሉ ትግል ከጀርባ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኮምፒውተሩ ቸርነት እንዲህ ነው የሚጎዳን። ሲዲው በገደል አፋፍ ላይ ቢሆንም «ደህና ነው» ብሎ ያስረክበናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጭረት ሲጨመር ወይም ሌዘሩ የደከመ ቴፕ ሲያገኘው ይወድቃል። የድምፁን ጥራት ሳይሆን የስህተቱን ብዛት የሚለኩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዚህ የሚተባበሩት ግን አንዳንድ ራይተሮች ብቻ ናቸው። መሣሪያው ከሌለ ቀላሉ ፈተና፣ ቤት ውስጥ ባለው እጅግ አሮጌ ቴፕ ላይ የመጨረሻውን ትራክ የመጨረሻ ደቂቃ ማጫወት ነው። የመጀመሪያውን ትራክ ሰምቶ «ይሠራል» ማለት ሲዲውን መፈተን አይደለም።

ባዶ ሲዲውም ይመረመር። ጀርባውን ወደ መስኮት ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ጥቁር ሰማያዊ የሚመስለው አዞ የሚባል ቀለም ነው፤ አረንጓዴ ቢጤው ሳያኒን፤ ወርቃማ ወይም ነጣ ያለው ታሎሳያኒን። ሌዘሩ የሚጽፈው በዚህ ቀለም ላይ ነው። ቀለሙ በእኩል ያልተቀባ፣ ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ ወይም ቀስተ ደመና መሳይ ዥንጉርጉር ያለው ሲዲ ገና ከመጀመሩ አያስተማምንም። በካርቶኑ ላይ ያለው ስምም ሙሉ እውነት አይደለም፤ ባለስሙ ራሱ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ ይሠራለታል። ሲዲ-አርን በ1988 ያመጣው የጃፓኑ ታዮ ዩደን እንኳ በ2015 ማምረቱን አቁሟል። ባዶውን ሲዲ ኢምግበርን ውስጥ ከከተታችሁት ከ97 ደቂቃ የሚጀምር የፋብሪካ ኮድ ያሳያችኋል። አንድ ጊዜ በደንብ የሠራላችሁን ኮድ መዝግባችሁ ያዙ፤ ከዚያ ሲዲ የምትገዙት በካርቶኑ ውበት አይሆንም።

የተጻፈውንም እንዲሁ በብርሃን ማየት ይቻላል። የተጻፈበትና ያልተጻፈበት ቦታ በቀለም ይለያያሉ፤ ድንበሩ እንደ ቀለበት ይታያል። ሰላሳ ደቂቃ ብቻ የተጻፈበት ሲዲ ላይ ቀለበቱ ጠርዝ ድረስ ከሄደ ወይም ሙሉ መሆን የሚገባው ሲዲ መሃል ላይ ካቆመ፣ ሳትከፍቱት ችግር እንዳለ አወቃችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው መስኮት ብቻ ነው።

## መብራትና ገመድ

በርን-ፕሩፍ ዳታ ሲቋረጥ ያድናል፤ መብራት ሲጠፋ አያድንም። በዴስክቶፕ የሚጽፍ ሰው ዩፒኤስ ከሌለው በ16 እጥፍ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች በዕድል ነው የሚሠራው። ዩፒኤሱ ላይ ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ ማንጠልጠል፤ ፕሪንተሩን ማንሳት። ላፕቶፕ በዚህ ይሻላል፣ ባትሪው ከግማሽ በላይ መሆኑን ማየትና እንዳይተኛ «ስሊፕ» ማጥፋት ብቻ ነው። በትራክ-አት-ዋንስ ሲጻፍ መብራት ከጠፋ፣ ያለቁት ትራኮች አንዳንዴ ይተርፋሉ። በኢምግበርን «ቱልስ» ስር «ድራይቭ» ገብቶ «ክሎዝ» በሚለው ሲዲውን ለመዝጋት መሞከር ነው። በዲስክ-አት-ዋንስ ከሆነ ግን ሌላ ባዶ ሲዲ አውጡ።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የሲዲ ድራይቭ ስለሌላቸው ብዙ ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ ቀጭን ራይተር ይገዛል። ያነባል፤ መጻፍ ሲጀምር ግን መሃል ላይ ይሞታል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ኃይል ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው የሚሰጠው፤ ሌዘሩ ሲጽፍና ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ቀጫጭን ራይተሮች ወደ 1 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የራሱ ኃይል በሌለው ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ የዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ ሳይሆን ከኋላ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ተጠቀሙ፤ ገመዱም አጭር ይሁን። ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ አብሮት ከመጣ ሁለቱንም ሰኩ፤ ሁለተኛው ለኃይል ነው። «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ደጋግሞ የሚነሳ ራይተር ሲዲ ሳይሆን ኃይል ነው የሚለምነው።

አሮጌ ዴስክቶፕ ላላቸው ሁለት ነገር ባጭሩ። ሲዲው ሲጫወት ሰዓቱ እየቆጠረ ድምፅ ከሌለ፣ ከድራይቩ ወደ ሳውንድ ካርዱ የምትሄደው ቀጭን የድምፅ ገመድ ተነቅላ ይሆናል፤ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ በድራይቩ ንብረቶች ላይ ዲጂታል የሲዲ ድምፅ የሚለውን ማብራት ያለ ገመዷ ያሠራዋል። በኤክስፒ ማሽኖች ላይ ደግሞ ድራይቩ ስድስት ጊዜ ያህል ስህተት ካጠራቀመ ዊንዶውሱ ራሱ ወደ ዘገምተኛው «ፒአይኦ» ያወርደዋል፤ ከዚያ ወዲህ መጻፍም ማጫወትም ይቆራረጣል። እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የአይዲኢ ቻናሉን «አንኢንስቶል» አድርጎ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ወደ ፈጣኑ ዲኤምኤ ይመልሰዋል፤ ተመልሶ ከወረደ ሰፊውን ጠፍጣፋ ገመድ ቀይሩ።

## ጥፋቱ የቴፑ ሲሆን

አንዳንዴ በእርግጥ የተበላሸው ቴፑ ነው። ለመፍረድ ሦስት ሲዲ ያስፈልጋል፤ አንድ ከፋብሪካ የወጣ ኦሪጅናል፣ አንድ ሌላ ቴፕ ላይ ሲሠራ የታየ ሲዲ-አር፣ እና ያከራከረው። ኦሪጅናሉ እንኳ አልነበብ ካለ ሌዘሩ ወይም ሌንሱ ነው። ኦሪጅናሉ ተነቦ ሲዲ-አሩ ካልተነበበ ሌዘሩ እየደከመ ነው፤ ሲዲ-አር ከኦሪጅናሉ ትንሽ ያነሰ ብርሃን ነው የሚመልሰው። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ሠርተው መጨረሻ ላይ ከዘለሉ፣ ሌዘሩን የሚያንሸራትተው ጥርስና ዘንግ ቅባቱ ደርቆ ወይም አቧራ ጠጥቶ ነው።

ሲዲ-አርደብሊውን፣ ማለትም እየተሰረዘ ደጋግሞ የሚጻፍበትን ሲዲ፣ ለአሮጌ ቴፕ አለመግዛት ነው። የሚመልሰው ብርሃን የኦሪጅናሉን ሲሶ እንኳ ስለማይሞላ ብዙዎቹ አያዩትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡ የመጀመሪያ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ደግሞ ኦሪጅናል ሲዲ እያጫወቱ ሲዲ-አርን የማያነቡበት ምክንያት አላቸው። የዲቪዲ ሌዘር 650 ናኖሜትር ነው፣ የሲዲው 780፤ የሲዲ-አር ቀለም ለ650ው ብርሃን አይመልስም። ሁለተኛ ሌዘር የሌለው ማሽን ምንም ቢወለወል አያነብም።

ሌንሱን ማጽዳት ግን ብዙ ቴፕ ያድናል፤ በተለይ በበጋ፣ ግንባታው ባልቆመበት መሃል ከተማ አቧራው የትም ይገባል። ቴፑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ከሆነ ሌንሷ እንደ ምስር ፍሬ ቁልጭ ብላ ትታያለች። የጆሮ ጥጥን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል አርጥቡትና ጨምቁት፤ ሳትጫኑ ከመሃል ወደ ውጭ አንዴ አዙሩ። ሌንሷ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለች ስለሆነች መጫን ይሰብራታል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለው እስኪደርቅ ጠብቁ። ሽቶ አይሆንም፣ አረቄም አይሆንም፤ ሁለቱም ሲደርቁ ቅሪት ይተዋሉ።

ሲዲውን ስትወለውሉ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ ክብ እየዞራችሁ አይሁን። ክብ ጭረት በመስመሩ ላይ ረዝሞ ስለሚሄድ ከ2.5 ሚሊሜትሩ ያልፋል፤ ቀጥ ያለ ጭረት መስመሩን ቆርጦ ነው የሚያልፈው። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስፈራው ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ነው። ከታች 1.2 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ይጠብቀዋል፤ ከላይ ያለው ቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ነው፣ ድምፁ ያለው ከሥሩ ነው። እስክሪብቶ አይነካው። ለሲዲ የተሠራ ለስላሳ ማርከር ካለ በሱ፣ ከሌለም መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ባለው ብርሃን አሳላፊ ቀለበት ላይ ጻፉ። የሚለጠፍ ወረቀትም ይቅር፤ ሚዛኑን ያዛባዋል፣ ሙጫውም ከጊዜ በኋላ ቫርኒሹን ይዞ ይነሳል። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የመታው ሲዲ ቀለሙ ይጠፋል፤ ለመኪና የሚሆነውን ለብቻ ጽፋችሁ ዋናውን በሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ለሲዲው ብላችሁ ያወጣችሁትን ዌቭ ፋይል ደግሞ አትሰርዙ፤ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ይቀመጥ፤ ሲዲው አንድ ቀን ሲያንገራግር ካሴት ፍለጋ አትወጡም።